«ሲስተም የለም» በተባላችሁበት ቀን ማታ

ልጆቼ፣ ቀኑ በከፋባችሁ ዕለት ቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ። ስልካችሁን ይዛችሁ አልጋ ላይ አትውደቁ። ሰው ፊታችሁ ተቀምጦ ሙዚቃ ወደሚጫወትበት ቤት ሂዱ። እኔ በሒሳብ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ለወጣት ባልደረቦቼ ስለ ደረሰኝና ስለ ግብር ብዙ መክሬያለሁ። ይህን ምክር ግን ከዚያ ሁሉ አስበልጬ ነው የምሰጣችሁ።

ምን ዓይነት ቀን እንደምል ታውቃላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ገጠመኝ። ጠዋት መብራት የለም፤ ስልኬም ቻርጅ ሳያደርግ አድሯል። የታክሲው ሰልፍ ማለቂያ የለውም። ለአንድ ደንበኛ ጉዳይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ክሊራንስ ማውጣት ነበረብኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» አለችኝ። መቼ ይመጣል? «እኛም አናውቅም፤ ነገ ይምጡ።» ከሰዓት በኋላ ሲስተሙ መጣ ሲባል ሮጥኩ። አሁን ደግሞ ማህተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል። ስወጣ ዝናብ። መንገድ ዳር እንደቆምኩ አንድ መኪና የኩሬውን ውሃ ሱሪዬ ላይ ደፍቶብኝ አለፈ።

ከእነዚህ አንዱም ትልቅ ችግር አይደለም። የታመመ የለም፣ የሞተ የለም። ግን እንዲህ ያለ ቀን ሲደጋገም ሰውን ያበላሻል። የሚያበላሸው ድካሙ አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ ሥራቸውን በግማሽ ልብ የሚሠሩ ሰዎች ፊት መቆሙ ነው። ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። ትንሽ ቆይታችሁ እናንተም ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ቀና ማለቱን ትተዋላችሁ። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እንዲህ ሲሆኑ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝነኛል።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ደወለና ወደ አንድ አነስ ያለ አዝማሪ ቤት ወሰደኝ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮ። መድረክ የሚባል የለም። ተጫዋቾቹ እጃችንን ብንዘረጋ የምንነካቸው ያህል ቅርብ ናቸው።

የማሲንቆውን ልጅ እጅ ማየት ጀመርኩ። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ። አንገቱ ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የለም። ጣት ጥቂት ፈቀቅ ካለ ጆሮ ወዲያው ያውቃል። ልጁ በእናንተ ዕድሜ ነው። ጣቱ አንድ ጊዜም ቦታውን ሲስት አልሰማሁም፤ ዓይኑ ደግሞ እኛ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያጣሁት ይህን ነው፤ ሥራውን በሙሉ ልቡ የሚሠራና እየሠራ የሚያየኝ ሰው።

ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ለማለፍ ክራሩ እንደገና መቃኘት ነበረበት። ክራር መቺው ክሮቹን አንድ በአንድ ያጠብቃል፣ ያላላል፣ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። ቤቱ በሙሉ ጠበቀ። ጠዋት መስኮቱ ጋ ስጠብቅ ደሜ ፈልቶ ነበር። እዚህ ግን መጠበቁ ራሱ ደስ አለኝ። ሰውየው ለእኛ ሲጠነቀቅ እያየን ነበራ!

ከዚያ ከጥግ አንድ ሰው «ተቀበል!» አለ። አዝማሪው ወደ እሱ ዞረ። ሰውየው ግጥሙን ሰጠው፦

ሲስተም የለም አሉኝ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣
ነገ ና ሲሉኝ ነው ያለቀብኝ ዕድሜ።

አዝማሪው ተቀብሎ ሲያዜመው ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ለካ ያንን መስኮት ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንም ለብቻው አልተበደለም።

ሙዚቃው ክሊራንሱን አላወጣልኝም። በማግስቱ ተመልሼ ተሰለፍኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ግን «እንደምን አደርሽ ልጄ» ብዬ ጀመርኩ። ልጅቷም ቀና አለች።

በስልክ የምትሰሙትን ዘፈን አልነቅፍም፤ እኔም እሰማለሁ። ግን እዚያ ያለቀለትን ነው የምታገኙት። ሰውየው ሲቃኝ፣ ሲያልበው፣ ከባልደረባው ጋር በዓይን ሲነጋገር አታዩም። ለወጣት ባለሙያ ትምህርቱ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ኃይሉ መርጊያን ታውቁት ይሆናል፤ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች። በ1970ዎቹ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ ይዞር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ተመልካች የለም፣ ጭብጨባ የለም። በ2005 ዓ.ም የድሮ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም ሲፈልገው እጁ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። የታክሲ ሾፌር ቀን ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እሱ ግን በመጠበቂያው ሰዓት ሙያውን ይንከባከብ ነበር።

«ሌላ ቀን እንሄዳለን» አትበሉ። ጣይቱ ሆቴል የነበረው የሙዚቃ ቤት፣ ጃዝአምባ፣ በጥር 2007 በእሳት ወደመ። ካሳንቺስም በአዝማሪ ቤቶቿ የታወቀች ሰፈር ነበረች፤ ዛሬ ብዙው ክፍሏ ፈርሷል። «ሌላ ቀን» ያሉ ልጆች እነዚያን ቤቶች አላገኟቸውም።

ገንዘብ የለንም የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። አንድ ለስላሳ ይዞ ማምሸት የሚቻልባቸው ቤቶች አሉ፤ ዋጋውን ሳትቀመጡ ጠይቁ። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ የክብረ በዓል ዋዜማ ሌሊት ማኅሌት ቁሙ። መዝናኛ ነው አልልም፤ ጸሎት ነው። ግን ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው አብረው ሲነሱና ሲወርዱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው በጥንቃቄ የሚያገለግሉ ሰዎችን ታያላችሁ። ሙስሊም የሆናችሁም መንዙማ የት እንደሚባል ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ።

አዝማሪ ቤት ስትሄዱ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ መመለሻችሁንም አስቀድማችሁ አስቡ። እየቀረጻችሁ አታምሹ። ከቻላችሁ ሸልሙ፤ ብዙዎቹ በሽልማት ነው የሚኖሩት። ዕረፍት ሲወጡም ማሲንቆ መቺውን ስሙን ጠይቁት፣ ከማን እንደተማረም ጠይቁት።