ቺንጋው አዲስ ነው፣ ታዲያ ምን ያፏጫል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጎንደር ደባርቅ በዶልፊን እሠራለሁ፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ ነው። ከገዛሁት 8 ወር ሆነኝ። ጠዋት ሳስነሳው ከፊት በኩል ያፏጫል፣ ሲሞቅ ይተዋል። አዘዞ ያሳየሁት መካኒክ ክዳኑን ከፍቶ አየና «የታይሚንግ ቺንጋው አዲስ ነው፣ ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥበን ግሪስ እንቀባዋለን» አለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቺንጋው መብራትም አልበራም። ልስማው?

መልስ፦ አትስማው ወንድሜ። የታይሚንግ ቺንጋ ማለት ቫልቭና ፒስተን በልክ እንዲሄዱ የሚያደርገው የውስጥ ቺንጋ ነው፣ ኩሽኔታው ደግሞ እሱን ወጥሮ የሚይዘው። ያ ኩሽኔታ ግሪሱ ከፋብሪካ ገብቶ የታሸገ ነው። ናፍጣ ከገባበት ያለችውንም ግሪስ ያጥባታል፣ ከውጭ የምትቀባው ደግሞ ውስጥ አይደርስም። ለጥቂት ቀን ዝም ይልህና አንድ ቀን ዳባት ላይ ተሳፋሪ ጭነህ ትቆማለህ።

መጀመሪያ ግን ፉጨቱ ከየት እንደሆነ ለይ። የውጪዎቹን ቺንጋዎች አውልቅና ሞተሩን ለግማሽ ደቂቃ ብቻ አስነሳው፣ ውሃ ፓምፑ አይዞርማ። ድምፁ ከጠፋ ጣጣው የውጪው ነው፣ ተገላገልክ። ካልጠፋ የታይሚንጉን ቺንጋ አስወርድና ኩሽኔታውን በጣትህ አዙረው። አሸዋ እንደገባበት ከሻከረ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ አልቋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው በሌላኛው ነው፤ ነካ ሲያደርጉት እንደ እንዝርት የሚሾር ኩሽኔታ ጤነኛ ይመስላል፣ ግን ግሪሱ ደርቆ ነው።

ኩሽኔታው ከነከሰ ቺንጋው እየተፋተገበት ይግላል፣ ከላላ ደግሞ ቺንጋው ጥርስ ይዘላል፤ ቺንጋው የትናንትም ቢሆን አይተርፍም። በናፍጣ ሞተር ደግሞ ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ያን ጊዜ የምታወራው ስለ ኩሽኔታ ሳይሆን ስለ ቴስታታ፣ ቫልቮቹን ስለያዘው የሞተሩ ራስ ነው።

«አዲስ ነው» የሚለውን ደግሞ በምን አወቀ? ጭነቱን የሚሸከመው የቺንጋው ጎማ ውስጥ ያለው ክር ነው፣ እሱ በዓይን አይታይም። መብራቱም ቢሆን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ 100,000 ሲሞላ የሚበራ ነው እንጂ ቺንጋውን አይቶ አይደለም፤ ቆጣሪው ተነክቶ ከሆነ ደግሞ እሱም የለም። መቼ እንደተቀየረ የሚነግርህ ሰው ከሌለ ቺንጋውንም ኩሽኔታውንም አንድ ላይ ቀይር፣ ለእጅ የምትከፍለው ያው አንድ ነው። ቺንጋው ላይ ዘይት ካየህ ግን ከየት እንደሚያፈስ ሳታስደፍን አዲሱን እንዳትገጥም፣ ዘይት ጎማ ይበላል።

ሲገጠም አጠገቡ ቁም። ቺንጋው የሚዞርባቸው ጥርሶች ላይ ያሉት ምልክቶች ከገጠሙ በኋላ በሞተሪኖ ሳይሆን በመፍቻ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ እንደገና ይያቸው። መሃል ላይ እንቢ ካለ በጉልበት እንዳይገፋው፣ ቫልቭ ፒስተን ነክቷል ማለት ነው።