ሶማሊያ በአሩሻው ጠረጴዛ፦ የአንባብያን ጥያቄዎች

ሶማሊያ መቀመጫው ታንዛኒያ፣ አሩሻ ከተማ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ስምንተኛ አባል ከሆነች ወዲህ ስለ ውጭ ግንኙነቷ የሚጠይቁኝ አንባብያን ብዙ ናቸው። የዛሬው ዓምድ ለእነሱ ነው። ቀኖቹና ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

«አባል ከሆነች በኋላ የውጭ ፖሊሲዋን የሚወስንላት አሩሻ ነው?» (ከጅግጅጋ)

አይደለም። የማኅበረሰቡ መመሥረቻ ስምምነት የጋራ የውጭና የደኅንነት ፖሊሲ እንደሚኖር ይላል። ነገሩ ግን ገና ወረቀት ላይ ነው። አሩሻ ያለው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ትልልቁን ነገር የሚወስኑት መሪዎቹ ናቸው። የሚወስኑትም ሁሉም ሲስማሙ ነው። ስለዚህ ትናንት የገባችው ሶማሊያ እንደ መሥራቾቹ እንደ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እኩል ድምፅ አላት።

አባልነቱ እጅ የሚይዘው ንግድ ላይ ነው። አባል አገሮች ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ ለመጣል ተስማምተዋል። ለአብዛኛው ዕቃ ጣሪያው 35 በመቶ ነው። ሩዝ ላይ 75፣ ስኳር ላይ ደግሞ 100 በመቶ ይደርሳል፤ አገሮች ለጊዜው ቅናሽ ሲጠይቁ የሚፈቀድበት አሠራርም አለ። የሞቃዲሾ ቤተሰብ የሚበላው ሩዝ በመርከብ የሚመጣ ነው። ስለ አባልነቱ ሳስብ ከዲፕሎማሲው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው። ቀረጡ ሳይታሰብበት እንዳለ ሥራ ላይ ቢውል ዳፋው የሚያርፈው ገበያ ወጥታ አንድ ኪሎ ሩዝ በምትገዛው እናት ላይ ነው።

«በባሕር በር ጉዳይ ከእኛ ጋር ስትጋጭ ማኅበረሰቡ የት ነበር?» (ከአዲስ አበባ)

መጀመሪያ ቀኖቹን እንይ። ሶማሊያን የመቀበል ውሳኔ የተላለፈው ኅዳር 14 ቀን 2016 ነው። ታኅሣሥ 5 እንቴቤ ላይ ፈረመች። ከ17 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 22፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ የራሴ ግዛት ናት የምትላት ሶማሊላንድ የባሕር በሩን የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። ሶማሊያ የማጽደቂያ ሰነዷን ለአሩሻ ያስረከበችው ደግሞ የካቲት 25 ነው። ማለትም ነገሩ ሲፈነዳ ገና ሙሉ አባል አልነበረችም። ኢትዮጵያም አባል አይደለችም።

ሞቃዲሾ ያንኳኳችው የቆዩ በሮችን ነው። ወደ ዓረብ ሊግ ሄደች፤ ወደ ጸጥታው ምክር ቤትም አቤት አለች። ጥር መጨረሻ ላይ ከቱርክ፣ ነሐሴ ላይ ከግብፅ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራረመች። በመጨረሻም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ መሐሙድ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 አንካራ ላይ፣ በቱርኩ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ፊት ተስማሙ። ያ ስምምነት በመምጣቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን የሁለት ጎረቤታሞች ጠብ በአካባቢው ሽማግሌ ሳይፈታ አንካራ ድረስ መሄዱ ያሳዝነኛል።

«ሶማሊያን ከስዋሂሊ አገሮች ጋር ምን ያገናኛታል?» (ከሚኒሶታ)

ብዙ ነገር። ደቡብ ሶማሊያ ውስጥ ባራዋ ከተማ የሚነገረው ቺምዊኒ የስዋሂሊ ዘዬ ነው። የናይሮቢው ኢስትሊ ሰፈር ደግሞ በሶማሌ ነጋዴዎች ነው የደመቀው።

«አባላቱ እርስ በርስ ሲጣሉ ማኅበረሰቡ ያስታርቃል?» (ከሐዋሳ)

ይሞክራል፤ አቅሙ ግን ውስን ነው። ዴሞክራቲክ ኮንጎን ተመልከቱ። በ2014 አባል ሆነች፤ በ2015 የማኅበረሰቡ ጦር ምሥራቅ ኮንጎ ገባ። ኪንሻሳ ግን ጦሩ የኤም 23 አማፂዎችን አልተዋጋልኝም ብላ ተቆጣች። አንድ ዓመት አለፍ እንዳለ አሰናበተችውና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮችን ጦር ጠራች። አማፂዎቹን ትረዳለች ብላ የምትከሳት ሩዋንዳም የማኅበረሰቡ አባል ናት።

ኬንያና ሶማሊያም የባሕር ወሰን ክርክራቸውን የጨረሱት ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ነው። ጥቅምት 2 ቀን 2014 የተሰጠው ፍርድ በአብዛኛው ለሶማሊያ ያደላ ነበር፤ ኬንያ አልቀበልም አለች። አሁን ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ።

«ኢትዮጵያስ ለምን አትገባም? ወደብ እናገኝ ነበር» (ከዱባይ)

አባልነት የራስ ወደብ አይሰጥም። የሚሰጠው የተቃለለ መንገድ ነው። ኡጋንዳን እንይ፤ እንደ እኛ ባሕር የላትም። ግን የጉምሩክ ሠራተኞቿ ሞምባሳ ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። የካምፓላ ነጋዴ ቀረጡን ቀድሞ ይከፍላል፤ ዕቃው ድንበር ላይ እንደ ድሮው ብዙ ቀን አይቆምም። በምላሹ ኡጋንዳ ገበያዋን ለጎረቤቶቿ ከፍታለች፤ የውጭ ቀረጧንም ብቻዋን አትወስንም። የእኛ ፋብሪካዎች ከኬንያ ፋብሪካዎች ጋር ያለ ቀረጥ ከለላ መወዳደር ይችላሉ ወይ? እኔ ከወደቡ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው።