ስቴት ለሚቀይሩ ነርሶች፦ ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር

ሲስተር፦ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምመልሰው ስለ ደሞዝ፣ ስለ ላይሰንስና ስለ ኑሮ ወጪ ብቻ ነው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ለጠበቃ። ስትጠይቁ አራት ነገር ጻፉልኝ፦ ከየት ወደ የት፣ አርኤን (ሙሉ ፈቃድ ያላት ነርስ) ወይስ ኤልፒኤን (ከእሷ በታች ያለችው ረዳት ነርስ)፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ቤት ውስጥ ስንት ሰው። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ የአዲሱ ስቴት ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ሳይወጣ ሥራ አትልቀቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሲስተር፣ እንደምን አመሸሽ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ አርኤን ነኝ፤ በሰዓት 45 ዶላር፣ በሳምንት ሦስት ቀን 12 ሰዓት፣ ላጤ። ዳላስ 41 እንሰጥሻለን አሉኝ። ሪክሩተሯ (ሠራተኛ መልማይዋ) "የስቴት ታክስ የለም፣ በዓመት 85 ሺህ ነው" ትላለች። ልሂድ?

ሲስተር፦ ጥያቄ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያን 85 ሺህ እርሺው። 41 በ2,080 ሰዓት ተባዝቶ የመጣ ነው፤ 2,080 ደግሞ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ነው። ሦስት ቀን በ12 ሰዓት 36 ነው፤ በዓመት 1,872። ያንቺ 76,752 ዶላር ይሆናል። የማትሠሪውን አራት ሰዓት ነው የቆጠረችልሽ።

አሁን ታክሱን እንይ፤ ኢንሹራንስና ጡረታ ሳይነካ፣ በ2025 ስሌት። ሜሪላንድ 84,240 ታገኛለሽ። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (7.65 በመቶ) ወደ 6,440 ይወስዳሉ፣ ፌዴራል ወደ 9,980፣ ስቴቱና ካውንቲው ተደምረው ወደ 6,100። የሚተርፍሽ 61,700 ገደማ ነው። ዳላስ ከ76,752 ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 5,870፣ ለፌዴራል 8,330 ይቀነሳል፤ ይተርፍሻል 62,550 ገደማ። ትርፉ በዓመት 850 ዶላር፤ የዕቃ መጫኛ መኪናውን እንኳ አይችልም። ከ40 ዶላር ከ35 ሳንቲም በታች ቢሰጡሽ ኖሮ ታክስ በሌለበት ስቴት ትከስሪ ነበር።

ስለዚህ የሚወስነው ታክሱ ሳይሆን ኪራዩና መኪናው ነው። የምትከራዪውን ቤት አድራሻ ይዘሽ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ በዚያ ዚፕ ኮድ ጠይቂ፤ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ቤት ልትገዢ ካሰብሽ ደግሞ ቴክሳስ በቤት ግብር ይቀበልሻል፤ በብዙ ካውንቲ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። የ350 ሺህ ዶላር ቤት ግብሩ፣ ቅናሹ ሳይገባ፣ በወር 580 ዶላር መሆኑ ነው።

ከአትላንታ፦ ለነርስ የቱ ስቴት ይሻላል?

ሲስተር፦ አራቱን ነገር።

ከአሌክሳንድሪያ፦ አርኤን ነኝ፣ የቨርጂኒያ መልቲስቴት ላይሰንስ አለኝ። ላስ ቬጋስ ልገባ ነው፣ በዚሁ መሥራት እችላለሁ አይደል?

ሲስተር፦ አትችልም። ኔቫዳ ኮምፓክት (አንዱ ስቴት የሌላውን መልቲስቴት ላይሰንስ የሚቀበልበት ስምምነት) ውስጥ የለችም። ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ኦሪገንና ዲሲም የሉም። በኢንዶርስመንት (ያለህን ላይሰንስ መሠረት አድርገህ) ታመለክታለህ፤ የቨርጂኒያው ላይሰንስ ማረጋገጫ በናርሲስ (የነርሶች ላይሰንስ የሚታይበት ድረ ገጽ) በኩል ይላካል፣ አሻራ ትሰጣለህ። ሰው የሚዘገየው አሻራው ላይ ነው፤ ካልተነበበ እንደገና ስጥ ይሉሃል፣ ሳምንታት ያልፋሉ። ስም የቀየራችሁም ላይሰንሱ፣ ዲፕሎማውና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። አገር ቤት የተማራችሁ፣ የትምህርት ማስረጃ ግምገማው እንደገና ይፈለግ እንደሆነ የስቴቱን የነርሲንግ ቦርድ በጽሑፍ ጠይቁ። ኔቫዳ ነዋሪ ስትሆን ደግሞ የቨርጂኒያው መልቲስቴትነቱ ይቀርና ለቨርጂኒያ ብቻ ይሆናል።

ወደ ቴክሳስ ወይም ወደ ሌላ የኮምፓክት ስቴት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፦ በነበረው ላይሰንስ ሥራ ትጀምራለህ፣ ነዋሪ ከሆንክ በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ታመለክታለህ። 60 ቀን የማመልከቻው ገደብ ነው፣ የእረፍት ጊዜ አይደለም።

ከአውሮራ፦ ሲኤንኤ (ሰርተፊኬት ያላት የነርስ ረዳት) ነኝ። ለእኛስ?

ሲስተር፦ ኮምፓክቱ ሲኤንኤን አያካትትም። የምትሄጂበት ስቴት ሬጂስትሪ (የሲኤንኤዎች መዝገብ) ጋ ዝውውር አመልክቺ፤ ያንቺ ጊዜው ሳያልፍበት። መድኃኒት የማደል ሰርተፊኬት ካለሽ እሱ በራሱ አይሻገርም።

ከሳክራሜንቶ፦ ለምን ትለፋላችሁ? ካሊፎርኒያ ኑ። አንድ ነርስ የምትይዘው የበሽተኛ ቁጥር በሕግ የተወሰነ ነው፣ ደሞዙም ሌላ ነው።

ከዳላስ፦ ኪራዩ ሲበላው ሌላ ነው እንጂ! በዚያ ብር እዚህ ሦስት መኝታ ይከራያል።

ከሳክራሜንቶ፦ ሜድሰርጅ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ላይ ስንት በሽተኛ ትይዛለህ? እዚህ ከአምስት አይበልጥም።

ከዳላስ፦ ጥያቄው ስለ ብር ነው፣ ወገቤን ተወው።

ሲስተር፦ ወገብህም ብር ነው። ግን ሁለታችሁም ቆዩ። በ2023 የመንግሥት አኃዝ የአርኤን አማካይ ገቢ ካሊፎርኒያ 137,690፣ ቴክሳስ 90,210 ዶላር ነበር። ልዩነቱ ከታክስ በፊት በወር 3,950 አካባቢ ነው። ይህም በ2,080 ሰዓት የተሰላ ነው፤ ለሦስት ሺፍት ሠራተኛ አሥር በመቶ ቀንሱለት። ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮና የገጠሩ ካሊፎርኒያ ደሞዝ ተቀላቅሎ ነው ያለው። ሳክራሜንቶ የሚከራይና ሳን ሆዜ የሚከራይ ሰው አንድ ስሌት የላቸውም።

ከሲያትል፦ ኦቨርታይም አሁን ታክስ የለውም ሲባል ሰምቼ በሳምንት አራተኛ ሺፍት ልይዝ ነው።

ሲስተር፦ ማን ነው እንዲህ የሚላችሁ? ከ2025 ጀምሮ የፌዴራል ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ የሚቀነሰው በመደበኛው ክፍያ ላይ የሚጨመረው ግማሽ ብቻ ነው። በሰዓት 45 ከሆንሽ ኦቨርታይሙ 67.50 ነው፤ ከዚያ ውስጥ የሚቀነሰው 22.50 ነው። ጣሪያው ለአንድ ሰው በዓመት 12,500 ዶላር ነው፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬርም አይቀሩም። ሌላው፦ ከ36 ወደ 48 ስትሄጂ የአራተኛው ሺፍት የመጀመሪያ አራት ሰዓት 40 እስኪሞላ በመደበኛው ክፍያ ነው፤ ኦቨርታይሙ ስምንቱ ነው። አንዳንድ ሆስፒታል ደግሞ ኦቨርታይም የሚቆጥረው በቀን ከ8 ወይም በሁለት ሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ ያለውን ነው። ኤችአርን (የሠራተኛ አስተዳደሩን) "ስምንት-ሰማንያ ናችሁ ወይ?" ብለሽ ጠይቂ።

ከሂዩስተን፦ 20 ሺህ ሳይን-ኦን ቦነስ (የሥራ መግቢያ ጉርሻ)፣ የሁለት ዓመት ውል። ልፈርም?

ከዳላስ፦ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና...

ሲስተር፦ ተረቱን ተወውና ውሉን እናንብብ። ቦነስ ላይ ፌዴራል 22 በመቶ፣ 7.65 ሲጨመር ከ20 ሺህው 14,070 ይደርስሃል። ቀድመህ ከለቀቅክ፣ በተለይ ዓመቱ ከተለወጠ በኋላ፣ መልስ ብለው የሚጠይቁህ ያልደረሰህንም የፌዴራል ታክስ ጨምረው ነው። ሦስት መስመር ፈልግ፦ ዕዳው በየወሩ ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉው ነው? ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ከሥራ መግቢያ ነው ወይስ ብሩ ከተከፈለበት ቀን? ክፍልህን ቢዘጉት ወይም ሰዓትህን ቢቀንሱትስ? በቃል የተነገረህ ሁሉ ኦፈር ሌተሩ ላይ ካልሰፈረ የለም።

ከአትላንታ፦ ሲስተር፣ ጥያቄዬን አለፍሽው። ለነርስ የቱ ስቴት ይሻላል?

ሲስተር፦ አላለፍኩትም። አራቱን ነገር ጻፍ ብዬሃለሁ።

ከኮሎምበስ፦ ኤልፒኤን ነኝ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች፣ ወደ ሲያትል፣ 40 ሰዓት። በሁለቱ ሥራ መካከል ኢንሹራንስ ይቋረጥብናል ብዬ ፈራሁ።

ሲስተር፦ የመጨረሻ ሥራ ቀንሽን በወሩ መጀመሪያ አድርጊው፤ ብዙ ቦታ ሽፋኑ እስከ ወሩ ማብቂያ ይቆያል፣ ግን ኤችአርን አረጋግጪ። ኮብራ (የለቀቅሽውን ሥራ ኢንሹራንስ በራስሽ ክፍያ ማስቀጠል) ለመምረጥ 60 ቀን አለሽ፣ ሽፋኑም ወደ ኋላ ይሠራል፤ አደጋ ካልደረሰ ሳትከፍዪ ልታልፊ ትችያለሽ። ከመልቀቅሽ በፊት ግን የጡረታ ማቺንጉ (አሠሪው የሚጨምርልሽ ብር) ያንቺ የሚሆንበትን ቀን እዪ፤ አንዳንድ ቦታ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከሄድሽ ከእሱ አንድ ሳንቲም አታገኚም። የልጆቹን ዴይኬር ዋጋ አዲሱን ሥራ ከመቀበልሽ በፊት ጠይቂ፤ የሁለት ልጅ ዴይኬር ከኪራይ ሊበልጥ ይችላል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ሲስተር፣ ኔቫዳ አመልክቻለሁ፣ "ፔንዲንግ" ይላል። የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ልስጥ?

ሲስተር፦ ፔንዲንግ (ገና በመታየት ላይ) ማለት ላይሰንስ ማለት አይደለም። ቁጥሩ ናርሲስ ላይ ሲወጣ ተመለስ።