ለድንጋይ ከሰል ጨረታ ብር ልትልኩ ለተነሳችሁ

ውጭ አገር ሆናችሁ «ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ ከሰል ይፈልጋሉ፣ ጨረታ ወጥቷል፣ ቶሎ ብር ላክ» የሚል ስልክ የተደወለላችሁ ወገኖች፣ ይቺን ሳታነቡ ባንክ አትሂዱ። ፍላጎቱ እውነት ነው። ፋብሪካዎቹ ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ ያስመጡ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪው ሲያጥር ዓይናቸው ወደ ዳውሮ፣ ኮንታ፣ ጅማና ኢሉባቦር ዞሯል። ገንዘቡ የሚቀልጠው ግን ማንም የማያነባቸው ሁለት ሦስት የጨረታ ሰነዱ መስመሮች ላይ ነው። ይህን ቀደም ብዬ ጮክ ብዬ ባለመናገሬ ይቆጨኛል፤ አሁን በቁጣ ብናገር አትቀየሙኝ።

1. ወረቀቱ

ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ሰው ከፈለገ በ2012 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት አዋጅ መሠረት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። ውክልናው ከኤምባሲ ወጥቶ በውጭ ጉዳይና በውልና ማስረጃ ይረጋገጥ፤ «በጨረታ እንዲሳተፍ፣ ዋጋ እንዲያቀርብ፣ ውል እንዲፈርም» ተብሎም በግልጽ ይጻፍበት፣ ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍምና። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቫት፣ የግብር ክሊራንስ፣ የአቅራቢነት ምዝገባ። በቃ፣ ወረቀቱ ይኸው ነው።

2. ገዢውና ፈቃዱ

የፌዴራል መሥሪያ ቤት በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግዥ አዋጅ 1333 ይገዛል። የመንግሥት የልማት ድርጅት የራሱ የግዥ መመሪያ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ። የግል ፋብሪካ ጋዜጣ ላይ ጨረታ ቢያወጣም የሚሠራው በራሱ ደንብ ነው፤ እዚያ ብትበደሉ ለመንግሥት ግዥ ባለሥልጣን አቤት አይባልም።

የምርመራ ፈቃድ የያዘ ሰው ከሰል ነጋዴ አይደለም። ለመሸጥ የማምረት ፈቃድ ያስፈልጋል። በስልክ የተላከ ፎቶ አትመኑ፤ የፈቃዱን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና የቦታውን ኮኦርዲኔት ይዛችሁ የሰጠው መሥሪያ ቤት ድረስ ሰው ላኩ።

3. «ካሎሪው ስንት ነው?» ብሎ ማቆም

እዚህ ነው የምንነደው። ካሎሪ ማለት ከሰሉ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ነው። ስልክ ላይ «5,800 ካሎሪ ነው» ይባላል። በምን ተለክቶ? የአንድ ከሰል ካሎሪ በሦስት ዓይነት ሁኔታ ይገለጻል፦ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ በላብራቶሪ አየር ደርቆ፣ ወይም ፋብሪካ በር ላይ እንደደረሰ ከነእርጥበቱ። ከዚያ ደግሞ ጠቅላላው ካሎሪና የተጣራው ካሎሪ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ውሃው በእንፋሎት ይዞት የሚወጣው ሙቀት ነው።

አስሉት። ደርቆ በኪሎ 5,800 ኪሎካሎሪ የሆነ ከሰል 20 በመቶ እርጥበት ቢኖረው እንደደረሰ 5,800 × 0.80 = 4,640 ነው። ሲነድ ውሃ የሚሆነው ሃይድሮጂን እንደደረሰ 4 በመቶ ቢሆን ለእሱ ወደ 200፣ ለእርጥበቱ ወደ 117 ተቀንሶ የተጣራው 4,320 አካባቢ ይሆናል። ሰነዱ «የተጣራ፣ እንደደረሰ፣ ከ5,000 በታች አይቀበልም» ካለ መኪናው ከበር ይመለሳል። ላብራቶሪው ልክ ነው፣ ፋብሪካውም ልክ ነው። የተሳሳተው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የመለኪያ ሁኔታ ሳያነብ ቁጥሩን ብቻ ያየው ሰው ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። እዚያ የለመዳችሁት የሙቀት መለኪያ ቢቲዩ በፓውንድ ነው፤ ለ1.8 ካላካፈላችሁት ኪሎካሎሪ በኪሎ አይሆንም። 10,000 ቢቲዩ ትልቅ ይመስላል፣ ሲካፈል ግን 5,556 ነው። የእናንተ «ቶን»ም 907 ኪሎ ነው፤ እዚህ 10 ኩንታል ሙሉ ነው።

አሁን ዋናው። ብዙ ውሎች እርጥበቱ ካለፈ ክብደት ይቀንሳሉ። ውሉ 12 በመቶ ብሎ እናንተ 18 ይዛችሁ ብትመጡ፣ ባለ 400 ኩንታሉ ተሳቢ 40 × 82 ÷ 88 ተብሎ 37.3 ቶን ብቻ ይከፈላችኋል። ለሹፌሩ የከፈላችሁት ግን የ40 ቶን ነው። ይህ ያለ ነገር ነው። ግን ያው ውል ካሎሪውንም «እንደደረሰ» ለክቶ ዋጋ የሚቀንስ ከሆነ በአንድ ውሃ ሁለት ጊዜ ተቀጣችሁ ማለት ነው፤ እንደደረሰ የተለካ ካሎሪ ውስጥ እርጥበቱ አስቀድሞ ተቆጥሯልና። ክብደት በእርጥበት ከተስተካከለ ካሎሪው በውሉ እርጥበት ልክ ተመልሶ ይሰላ፤ ካሎሪው እንደደረሰ ከተወሰደ ክብደቱ አይነካ። ይህን በጽሑፍ፣ ማብራሪያ መጠየቂያው ቀን ሳያልፍ ጠይቁ። ከፊርማ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም።

4. ናሙናው፣ ናሙናው፣ ናሙናው

የአጎት ልጅ ከጉድጓዱ አፍ ጥቁር የሚያብረቀርቀውን መርጦ፣ በፌስታል ቋጥሮ ላብራቶሪ ይወስዳል፤ ውጤቱ ሸጋ ይሆናል። ላብራቶሪው የመረመረው የልጁን ዓይን ነው! እባካችሁ በዚያ ወረቀት ዋጋ አታቅርቡ።

ትክክለኛው ናሙና መሬት ውስጥ ካለው የከሰል ንብርብር ጣሪያ እስከ ወለሉ በእኩል ስፋት ተቦርቡሮ፣ በመሀል ያለውን የጭቃ ድንጋይ ጨምሮ የሚወሰድ ነው። ኤክስካቫተር ጥቁርና ግራጫ አይለይም። አንድ ሜትር ውፍረት ካለው ንብርብር ጋር ከላይ 10፣ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ቢዝቅ 20 ሳንቲው ትንሽ ይመስላል። ድንጋዩ ግን ይከብዳል፤ የከሰሉ ጥግግት 1.4፣ የድንጋዩ 2.4 ቢሆን ከተጫነው ክብደት ሩቡ ድንጋይ ነው። አመዱ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ከዚያ ነው። ቀጭን ንብርብር ላይ ትልቅ ባልዲ ያለው ማሽን የሚያከራያችሁ ሰው ወዳጃችሁ አይደለም።

ርክክቡ ላይ ደግሞ ከመኪናው አናት በአካፋ የተዘገነ ናሙና አትቀበሉ። መንገዱ ያራገፈው ብናኝ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዝናቡ አናቱን ያረጥባል፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል። ሲራገፍ፣ ከፊት ከመሀልና ከኋላ ብዙ ትንንሽ ዝግን ይወሰድ፤ ተቀላቅሎ፣ ክምሩ ለአራት ተከፍሎ፣ ተቃራኒዎቹ ተይዘው እየተደጋገመ ይቀነስ። የእርጥበቱ ናሙና ወዲያው አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸግ፤ ከቀኑ ፀሐይ ጋር ለብቻው አይተው። የተረፈው ሦስት ቦታ ይከፈል፦ አንዱ ለገዢ፣ አንዱ ለሻጭ፣ ሦስተኛው በሁለቱም ፊርማ ታሽጎ ክርክር ቢነሳ ለገለልተኛ ላብራቶሪ። የላብራቶሪው ስም በውሉ ውስጥ ከሌለ ሦስተኛው ከረጢት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ወኪላችሁ በየመኪናው ይቁም፣ ይፈርም። ደመወዝ ቆጥባችሁ ሰው ሳታስቆሙ ስንት ሚሊዮን እንደሚሄድ ታውቃላችሁ?

5. «እናጥበዋለን»

ድንጋዩን በውሃ ለይቶ ከሰሉን ማጠብ ይቻላል፤ በነጻ ግን አይደለም። የጥሬው አመድ 35 በመቶ፣ የሚፈለገው ከሰል አመድ 18፣ የሚጣለው ዝቃጭ አመድ 65 ቢሆን የሚተርፋችሁ (65 − 35) ÷ (65 − 18) ማለትም ወደ 64 በመቶ ነው። 10,000 ቶን ለማስረከብ ወደ 15,700 ቶን ጥሬ መቆፈር አለባችሁ፤ 5,700ው የሚጣልበት ቦታ፣ የሚታጠብበትም ውሃ ይፈልጋል። ከሰሉ ደግሞ ከውሃ ስለሚወጣ እርጥበቱ ይጨምራል፤ ቁጥር 3ን እንደገና አንብቡ። ከከሰሉ ጋር ተዋህዶ ያለ አመድ በማጠቢያ አይወጣም፤ ሰልፈሩም ፒራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) የሆነው በከፊል ይለቅ እንጂ ሌላው አይነቃነቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ናሙናውን በተለያየ ጥግግት ባለው ፈሳሽ ውስጥ ስንቱ እንደሚንሳፈፍ፣ ስንቱ እንደሚሰምጥ አስመርምሩ፣ ማሽን የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ከቻይና ማጠቢያ አስጭኖ ከሰሉን በኋላ የሚያስመረምር ሰው ልብ ይሰጠው።

6. ዋስትናና ጊዜ

የጨረታ ማስከበሪያው ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ትእዛዝ) ወይም ቅድመ ሁኔታ የሌለበት የባንክ ዋስትና ነው፤ ካሸነፋችሁ በኋላ ውል አንፈርምም ብትሉ ይወረሳል። የውል ማስከበሪያ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ነው፣ ይህ ገንዘብ ታስሮ ይቆያል። የማስረከቢያ መርሐ ግብሩን በወር አካፍላችሁ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስንት ቶን እንደተጻፈ እዩ፤ በክረምት ያ የደቡብ ምዕራብ ጥርጊያ መንገድ ተሳቢ አያሳልፍም፣ የመዘግየት ቅጣቱ ግን በየቀኑ ይቆጠራል። ለክረምቱ አከማቻለሁ ካላችሁ ክምሩን በየንብርብሩ አስጠቅጥቁ፤ ልል ሆኖ የተከመረ ለስላሳ ከሰል ከአየር ጋር ሲገናኝ ከውስጥ ይግላል፣ በራሱም ይቀጣጠላል። ሽታ ወይም እንፋሎት ከታየ ውሃ መርጨት አይበቃም፤ የጋለውን በማሽን ቆርጦ ማውጣት፣ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ ነው።

ዛሬ ማታ ለደወለላችሁ ሰው እነዚህን አስልኩ፦ የማምረት ፈቃዱን ቁጥር፣ ናሙናው ከጣሪያ እስከ ወለል መወሰዱን የሚያሳይ የላብራቶሪ ውጤት ከነመለኪያ ሁኔታው፣ የጨረታ ሰነዱን የቅጣትና የናሙና አንቀጾች፣ ማብራሪያ መጠየቂያው የሚዘጋበትን ቀን።