መልስ፦ ያገለገለ ካኖን 75-300 ሌንስ ደሴ ላይ አገኘሁ፤ ለሐይቅ ወፎች ይሆነኛል?

ወንድሜ፣ ዋጋ ከመከራከርህ በፊት የሌንሱን አንገት አንብብ። «አይኤስ» ካልተጻፈበት የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር የለውም። በትንሽ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ካሜራ 300 ሚሊሜትሩ እንደ 480 ስለሚያቀርብ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል፤ ስለዚህ ለቆመ ወፍ እንኳ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ከ1/500 ሰከንድ መዘግየት የለበትም፤ ለሚበር ደግሞ ከ1/1000 ጀምር። ጫፉ ማለትም 300 ላይ የብርሃን ቀዳዳው ከኤፍ5.6 ይበልጥ ስለማይሰፋ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ሐይቅ ዳር ጉሙ ሳይገፈፍ ማንሳት ከፈለግህ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600ና ከዚያ በላይ መግባትህ አይቀርም።

ሱቁ ውስጥ የስልክህን መብራት ከኋላ አብርተህ ከፊት አጋድለህ ተመልከት። ጥቂት አቧራ አያስጨንቅህ፣ ፎቶ ላይ አይወጣም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካየህ ግን ሻጋታ ነው፤ በነጻ ቢሰጡህም ተወው።

ዋናው ፈተና ይህ ነው፦ 300 ላይ አድርገህ፣ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈህ፣ ማዶ ፊት ለፊት የሚታይ ታፔላ በኤፍ5.6 ከዚያም በኤፍ8 አንሳና አጉልተህ እይ። በኤፍ5.6 ፊደሉ ቢለሰልስ፣ ጠርዙም ሐምራዊ ቢሆን የዚህ ሌንስ ጠባይ ነው፤ በኤፍ8 ፊደሉ ይጠራል። የግራው ፊደል ጠርቶ የቀኙ ከደበዘዘ ግን፣ ምናልባት ወድቆ፣ የውስጥ መስታወቱ ዘሟል፤ እሱን ማስተካከያው ከሌንሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

በተቀራራቢ ዋጋ የካኖኑን 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም (ኤስቲኤም የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው) ካገኘህ ሳታመነታ እሱን ውሰድ። 50 ሚሊሜትር ታጣለህ፣ ግን ምስሉ በግልጽ ይበልጣል፣ ፎከሱም ድምፁ እምብዛም አይሰማም። ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ዲኤስኤልአር ካሜራ ላይ ግን አይገጥምም።