ገጹ ላይ የት አለ?

ይድረስ ዘንድሮ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለምትማሩ ልጆች፤

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ሃይ ስኩል ከሃያ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የእኛ ልጆች ክፍል ውስጥ «ሚስተር» ይሉኝ ነበር፤ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ሲያገኙኝ «ጋሼ»። በወላጆች ምሽት እናቶቻቸው የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል፦ «መምህር፣ ልጄ ነርስ ነው መሆን የምትፈልገው። ይሄ ልብ ወለድ ምን ያደርግላታል?» አጥጋቢ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ለአንድ ወላጅ የተመደበው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ አፌን ስከፍት ተራው የሌላ ሰው ይሆናል። አሁን ጊዜ ሞልቶኛል፤ ለእናንተው ልጻፈው።

በራሴ ውድቀት ልጀምር። አሜሪካ ኮሌጅ በገባሁበት የመጀመሪያ ሴሚስተር ስለ አንድ ቲያትር ድርሰት ጻፉ ተባልን። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ታሪኩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ትዕይንት ሳልዘል፣ በስድስት ገጽ ጻፍኩት። ሰዋስዉ እንከን አልነበረበትም። ሲመለስልኝ «ዲ» ነው። ከግርጌው አስተማሪዋ እንዲህ ብላ ጽፋበታለች፦ «ታሪኩን እኔም አንብቤዋለሁ። አንተ ምን አየህ?» ባደግኩበት ትምህርት ቤት ጎበዝ ማለት መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ኖት ገልብጦ፣ ሸምድዶ፣ ፈተና ላይ ነጥብ ሳያጎድል የሚመልስ ነው። አንተ ምን አየህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ስድብ መስሎኝ ሳምንት አኮረፍኩ።

ምን ማለቷ እንደነበር በደንብ የገባኝ ራሴ ሳስተምር ነው። እዚህ አገር በብዙ ሃይ ስኩል የሚነበብ መጽሐፍ አለ፤ ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት»። ምዕራፍ ሰባት ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እንቆያለን። ኢኬሜፉና ከሌላ መንደር በካሳ የመጣ ልጅ ነው። ሦስት ዓመት ኦኮንኮዎ ቤት አድጎ ሰውዬውን አባቴ ማለት ለምዷል። አንድ ቀን ከአምላካቸው ዘንድ ይገደል የሚል ቃል ይወጣል። ኤዜኡዱ የተባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ይመጡና ኦኮንኮዎን ወደ ውጭ ጠርተው፣ ይህ ልጅ አባት ይልሃል፣ በሞቱ እጅህን አታስገባ ይሉታል። እሱ ግን አብሮ ይሄዳል። ጫካ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰነዝረው ሌላ ሰው ነው፤ ልጁ ወደ አባቱ ሲሮጥ የሚጨርሰው ኦኮንኮዎ ነው።

«ለምን ገደለው?» እላለሁ። መልሱ በየዓመቱ ያው ነው። አንዱ «ጨካኝ ስለሆነ» ይላል፤ ሌላዋ «ባህላቸው ስለሆነ» ትላለች። እኔ የምመልሰው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ገጹ ላይ የት አለ?»

ያኔ ሃያ ስምንት ልጅ ገጽ መገልበጥ ይጀምራል። «ባህላቸው ነው» የሚለው መጀመሪያ ይወድቃል፤ ከኤዜኡዱ በላይ የዚያን ባህል የሚያውቅ ማን አለ? አትግባበት ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው። «ጨካኝ ነው» የሚለውም አይጸናም፤ ያ ሌላው ሰው ገጀራውን ሲያነሳ ኦኮንኮዎ ፊቱን አዙሯል፤ ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ደግሞ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ቀስ እያልን ስንሄድ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ እንደርሳለን፤ ደካማ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ ፈራ ትላለች። ልብ በሉ፣ ደካማ መሆንን አይደለም የፈራው። መባሉን ነው።

አንድ ዓመት እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ከመስከረም ጀምሮ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ልጅ እጇን አወጣች። «ሚስተር፣ እኛ ለዚህ ቃል አለን» አለች። ይሉኝታ። ለክፍሉ በእንግሊዝኛ አስረጂ አልኳት፤ ላብ አጠመቃት። «ሰዎች ስለ እኔ ይላሉ ማለት ነው፣ ግን አንድ ቃል ነው» አለች። ከዚያ ራሷ ላይ ዞረች፦ «ግን እናቴ ይሉኝታ የለውም የምትለው ክፉ የሚሠራን ሰው ነው። ይሉኝታ ሰውን ከክፉ ሲመልስ ነው የማውቀው። እሱን ለምን ወደ ክፉ ወሰደው?» ይህን ጥያቄ ከየትኛውም የማስተማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁትም። የዚያ ሴሚስተር ድርሰቷም እሱው ሆነ። ከቤት የያዛችሁት ቋንቋ የሚያሳፍር ጓዝ አይምሰላችሁ፤ እንግሊዝኛው በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚለውን በአንድ ቃል ይዛችሁት ልትገኙ ትችላላችሁ።

ከቤት የምናመጣው ሁሉ ግን አይጠቅምም። ሰምና ወርቅ ያለን ሰዎች ስለሆንን ግጥም አይከብደንም ሲባል እሰማለሁ። እኔ ልጆቻችንን ሲያደናቅፋቸው ነው ያየሁት። ግጥም ሲሰጣቸው ወዲያው ወርቅ ፍለጋ ይገባሉ፤ ዝናቡ እንባ ነው፣ ዛፉ መስቀል ነው፣ መንገዱ ሞት ነው። የቅኔ ተማሪ እንኳ ሰሙን ሳይጨብጥ ወርቁን አያገኝም። ዝናቡ መጀመሪያ ዝናብ ይሁን። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ግሱ ምንድን ነው? አሥራ አራት መስመር ያለው ሶኔት ሲገጥማችሁ ሐሳቡ የት መስመር ላይ እንደታጠፈ ፈልጉ፤ አንድ ቦታ ላይ መታጠፉ አይቀርም። ጮክ ብላችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡት፤ የመኝታ ቤታችሁን በር ዝጉና። የተቆለፈ አንድ ወርቅ አለ ብላችሁ አትነሱ።

መቼት፣ ሴራ፣ ገጸ ባሕሪ፣ ምጸት የሚሉትን ስሞች ትማሯቸዋላችሁ፤ አይከብዱም፣ ብዙም አልቆይባቸውም። ተራኪውን ግን አደራ። የዚያው መጽሐፍ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ አቼቤ በድንገት እንግሊዛዊው ሹም ጭንቅላት ውስጥ ያስገባናል። ሹሙ ወደፊት ስለሚጽፈው መጽሐፍ እያሰበ ነው፤ መጽሐፉን ሙሉ አብረነው የኖርነው ሰው ለእሱ አንድ አንቀጽ ቢሆን ነው። ይህን ካነበባችሁ በኋላ ዜና ስትሰሙ፣ ሪፖርት ስታነቡ፣ ማን ነው የሚያወራው ማለታችሁ አይቀርም።

የክፍል ውይይት ሌላው ፈተና ነው። ወንበር በክብ ይደረደርና ለመናገራችሁ ማርክ ይሰጣል። ትልቅ ሲናገር ዝም በል ተብሎ ላደገ ልጅ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ዝምታችሁ ግን እዚያ እንደ ጨዋነት አይቆጠርላችሁም፤ አላነበበም ነው የሚባለው። አንድ ዘዴ ልስጣችሁ፦ «እኔ የሚመስለኝ» ብላችሁ ከመጀመር «እዚህ መስመር ላይ» ብላችሁ ጀምሩ። ያኔ የምትሞግቱት ሰውየውን ሳይሆን መስመሩን ስለሆነ ምላሳችሁ ይፈታል።

ኤፒ ሊትሬቸር፣ ማለትም ሃይ ስኩል ውስጥ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠውን የሥነ ጽሑፍ ትምህርት፣ የምትወስዱ፣ ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው፤ በአንድ ሰዓት 55 የምርጫ ጥያቄ፣ በሁለት ሰዓት ሦስት ድርሰት። እያንዳንዱ ድርሰት ከ6 ይታረማል። የክርክር ነጥባችሁን በግልጽ ማስቀመጣችሁ 1፣ ጠለቅ ያለ አስተሳሰብ 1። የቀረው 4 በሙሉ ማስረጃ ጠቅሶ ለማብራራት ነው። የእኔ ጥያቄ ማለት ነው፤ እንዲያው ነጥብ ተሰጥቶት። ረጅም ጥቅስ አትገልብጡ፣ ሦስትና አራት ቃል ከራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ጋር አያይዙ።

በመጨረሻዎቹ የማስተማሪያ ዓመቶቼ ማሽን የጻፈው ድርሰት ይመጣልኝ ጀመር። አማርኛም ሆነ እንግሊዝኛ ቢሉት ሸጋ አድርጎ ይጽፋል። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥቅስ በትእምርተ ጥቅስ አስሮ ያቀረበ ግን አጋጥሞኛል። ልጁን ጠርቼ መቆጣት አላስፈለገኝም፤ መጽሐፉን ሰጥቼው «ገጹ ላይ የት አለ?» አልኩት። ሲገለብጥ፣ ሲገለብጥ፣ የምሳ ደወል ተደወለ።

ያቺ የይሉኝታዋ ልጅ እናቷ ነርስነቱን ከጠየቁኝ እናቶች አንዷ ናቸው። ልጅቷ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ የምዕራፍ ሰባትን ታሪክ በአማርኛ ነግራቸዋለች። ሰኞ ክፍል ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ሚስተር፣ እናቴ አንድ ነገር ጠይቃለች» አለች። «ልጁ አባቴ ሲል ሰውየው ሰምቷል ወይ? ካልሰማ ሌላ ነው ብላለች።»

ሁሉም መጽሐፉን ገለጠ። ቀስ ብለን፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አነበብነው። ፊቱን አዞረ። የገጀራውን ምት ሰማ። ልጁ በራሱ ተሸክሞት የነበረው የዘንባባ ጠጅ ማሰሮ ወድቆ አሸዋው ላይ ተሰበረ። ልጁ አባቴ፣ ገደሉኝ ብሎ ሲጮህ ሰማ።

«ሰምቷል» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ እንዳደረገ። «ሁለት ጊዜ ነው የሰማው።»