አከራዬ በክረምት መብራት ቆረጡብኝ፤ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ካራ አሎ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። በግቢው ከአከራዩ ሌላ አምስት ቤተሰብ አለን። ቆጣሪው አንድ ነው፣ በአከራዩ ስም። የመብራትና የውሃውን በየወሩ ከኪራዩ ጋር ለእሳቸው እንሰጣለን፤ እኔ ምጣድ ስላለኝ ከሌሎቹ ጨምሬ ነው የምከፍለው። ሰኔ ላይ ኪራይ ጨምሩ ተባልን። ውላችን ገና ዓመት አልሞላውም ብለን እምቢ ስንል የእኛን ክፍል መስመር ብቻ ለይተው ከብሬከሩ ነቀሉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀንም ቧንቧውን ይቆልፉብናል። የሦስት ወር ሕፃን አለኝ፣ ቤቱን የማሞቀው በከሰል ነው። ሚኒሶታ ያለችው የባለቤቴ እህት «እዚህ በብርድ ወራት መብራት መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው» ትላለች። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም? ኪራዩን መክፈል ባቆምስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ኪራዩን መክፈል አያቁሙ። ዛሬ ውል ያፈረሱት አከራይዎ ናቸው። አንድ ወር ካስቀሩ ግን ነገሩ ይገለበጥና ችሎት ፊት «ኪራይ አልከፍል ያለች ተከራይ» ሆነው ይቀርባሉ፤ ከዚያ በኋላ የመብራቱን ጉዳይ ሰሚ ማግኘት ይከብዳል። በእጅ አይስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር ያስገቡና ምክንያት በሚለው ቦታ «የሐምሌ ወር ኪራይ፣ መብራትና ውሃ» ብለው ይጻፉ። አልቀበልም ካሉ ፍርድ ቤት አስፈቅዶ ገንዘቡን በሞዴል 85 (የፍርድ ቤት ገንዘብ ማስቀመጫ ደረሰኝ) ማስቀመጥ ይቻላል።

የባለቤትዎ እህት የነገሩዎት እውነት ነው፣ ሙሉ ግን አይደለም። በሚኒሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ የቤት ማሞቂያን የሚነካ አገልግሎት በዕዳ ምክንያት እንዳይቋረጥ ሕግ አለ። ሆኖም ደንበኛው ራሱ ለኩባንያው ደውሎ በአቅሙ የክፍያ ስምምነት መግባትና በስምምነቱ መሠረት መክፈል አለበት፤ ዕዳውም አይሰረዝለትም። በፈረንሳይ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 የመኖሪያ ቤት መብራትና ጋዝ በዕዳ አይቆረጥም፤ የመኖሪያ ቤት ውሃን በዕዳ መቁረጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው።

እኛ ጋ ወር ለይቶ መቁረጥን የሚከለክል ሕግ የለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሐምሌን ከጥር አይለይም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ መጠለያ ያነሳል፤ ነገር ግን «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል የፖሊሲ ዓላማ ስለሆነ እሱን ብቻ ይዞ ክስ መመሥረት አያዋጣም። እኔ ብጠየቅ ጨቅላ ሕፃን ወይም አልጋ የያዘ ሕመምተኛ ያለበት ቤት በክረምት እንዳይቆረጥበት የሚል አንቀጽ ቢጨመር እደግፋለሁ። እርስዎን ግን የሚኒሶታው ሕግ ቃል በቃል ቢገለበጥም አያድንዎትም ነበር። ያ ሕግ የሚገታው አገልግሎት ሰጪውን ድርጅት ነው። የእርስዎን መብራት የቆረጠው ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት አይደለም፤ ቆጣሪው ዛሬም ይቆጥራል፣ የጎረቤትዎ አምፖል ይበራል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ሕግ የኪራይ ሕግ ነው። እሱ ደግሞ በክረምትም በበጋም ከእርስዎ ጋር ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና አድርጓል። ጭማሪ አከራይ ሲፈልግ የሚጥለው አይደለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ይፋ በሚያደርገው ልክ ብቻ ነው የሚደረገው። ስለዚህ እምቢ ማለትዎ ጥፋት አይደለም። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የእናንተ ካልተመዘገበ ነገ ጠዋት ውሉን ይዘው ወደ ወረዳው የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ያስመዝግቡ፤ እዚያው ስለ መብራቱና ስለ ውሃው በጽሑፍ አቤት ይበሉ። በቃል የነገሩት አቤቱታ የትም አይደርስም፤ ግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመትተው ይመለሱ።

አንድ ነገር ያረጋግጡ። ካራ ላይ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ቅርብ ነው። ግቢያችሁ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከሆነ እንዳልኩት ነው። ለገጣፎ በኩል ተሻግሮ ሸገር ከተማ ውስጥ ከወደቀ ግን ጽሕፈት ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ የውሃ አገልግሎቱም የኦሮሚያ ነው። በዚህ ስህተት አቤቱታው ተመልሶበት ወር የባከነበት ባለጉዳይ ብዙ ነው።

ወረዳው ካልፈታው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት ለአከራይዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው መጀመሪያ እንዲያስጠነቅቅ ይፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ መቼ እንደተቆረጠ፣ እስከ መቼ እንዲቀጠል፣ ካልሆነ እንደሚከሱ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያስበው በዚሁ ሕግ ቁጥር 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ (በይዞታዬ ላይ የሚደርሰው ጣልቃ ገብነት ይቁምልኝ የሚል) ማቅረብን ነው። ይቻላል፤ ነገር ግን ተከራይ እንደ ባለይዞታ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ክርክር ስለሚያስነሳ፣ ክስዎን በኪራይ ውሉ ላይ ቢመሠርቱ እመርጣለሁ። መብራትና ውሃ ከኪራዩ ጋር ሲከፈል ከርሟልና የውሉ አካል ነው።

ከክሱ ጋር አብሮ መቅረብ ያለበት ዋናው ነገር የእግድ አቤቱታ ነው፤ ዋናው ክርክር እስኪያልቅ መብራቱና ውሃው እንዲቀጠል፣ ዳግምም እንዳይቆረጥ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 እና 155 ለዚህ በር ይከፍታሉ። የሕፃኑን የልደት ማስረጃ ወይም የክትባት ካርድ አያይዙ፤ አስቸኳይ መሆኑን ከረጅም ሐተታ ይልቅ እሱ ያስረዳል። ደግሞም አይዘግዩ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 እረፍት ላይ ናቸው። በዚያን ጊዜ አስቸኳይ ጉዳይ የሚያየው ተረኛ ችሎት ብቻ ነው፤ ወረፋውንም የሄደበት ያውቀዋል። ብርዱ የሚበረታበትና ችሎት የሚዘጋበት ወቅት አንድ መሆኑ የዚህ አገር ተከራይ ዕድል ሆኖ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ስለ ማስረጃ። ማታ ከግቢው መሐል ቆመው የጎረቤት መስኮት በርቶ የእርስዎ ጨልሞ የሚታይበትን ፎቶ ያንሱ። የብሬከሩን ሳጥን የተነቀለው ሽቦ እንዲታይ አድርገው ያንሱ፣ ግን አይንኩት። በውሃ ፈረቃ ቀን የተቆለፈውን ቧንቧ ያንሱ። ጎረቤቶችዎ ምስክር ለመሆን ይፈሩ ይሆናል፤ እነሱም ነገ የሚቆረጥባቸው ተከራዮች ናቸውና አይፍረዱባቸው። አንድ ሰው ግን አያጡም።

አከራይዎ ችሎት ላይ «ምጣዷ መስመሩን እያቃጠለ፣ ሂሳቡንም እያናረ ስላስቸገረኝ ነው» እንደሚሉ ከወዲሁ ይጠብቁ። ባዶ ክርክር አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ታሪፉም ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው እየከበደ የሚሄድ ነው። ለአነስተኛ ተጠቃሚ የታሰበው የመጀመሪያው የ50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ እርከን፣ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም በወሩ መጀመሪያ ቀናት ያልቃል። መልስዎ አጭር ይሁን፦ ለምጣዱ ጨምሬ ከፍያለሁ፤ ጭነት ከበዛ ምጣዱን በሰዓት መወሰን ይቻላል እንጂ የሕፃን ቤት አምፖል አይጠፋም። የቆጣሪውን ሂሳብ እንዲያሳዩም ይጠይቁ። ከተከራዮች የሚሰበሰበው ከሂሳቡ በልጦ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በራስዎ ወይም በሰፈር ልጅ መስመሩን አያስቀጥሉ። ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ክሱም ወደ እርስዎ ይዞራል። ከሰሉን በተመለከተ ጠበቃ ሳልሆን የልጅ አባት ሆኜ ልናገር፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ውጭ አቀጣጥለው አመድ ሲለብስ ቢያስገቡትም መርዙ አይጠፋም። ሕፃኑ ባለበት ክፍል አይደር።

አከራይዎ የሰበሰቡትን ሳይከፍሉ ቀርተው ድርጅቱ መላውን ግቢ ቢቆርጥ ነገሩ ሌላ ነው። ድርጅቱ የሚያውቀው ቆጣሪው በስሙ ያለውን ሰው ነው። በውል ቁጥሩ በቴሌብር ተባብራችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ ከኪራይ ላይ ከመቀነሳችሁ በፊት ግን የአከራዩን ፊርማ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያዙ። ለመብራት 905፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለውሃ 906 ይደውሉ።

ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዳኝነት ክፍያውንም በደሃ ደንብ ማስቀረት ይቻላል፣ የወረዳ ማስረጃ ይጠይቃል። ውሉ የተፈረመው በባለቤትዎ ስም ከሆነ ደግሞ ከሳሽ እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው ይቅረቡ ወይም ለእርስዎ ውክልና ይስጡ፤ ያለዚያ ክሱ ገና ሬጅስትራር መስኮት ላይ ይመለሳል።